«እንዴት ነበር?» ብሎ የሚሰማ ሲጠፋ…

ወደዚህ ገጽ የሚመጡት ደብዳቤዎች አብዛኞቹ የተለመዱት ናቸው። «ፍቅረኛዬ ካደኝ»፣ «አማቴ አላስቀምጥ አለችኝ»፣ «ከቢሮ ባልደረባዬ ጋር…» ወዘተ። የዛሬዋን ጸሐፊ ግን ማንም አልካዳት፣ ማንም አላባረራት። የእሷ ጣጣ ወደ ቤቷ መመለሷ ነው። «ሰው አገሩ መግባቱ ደግሞ ምን ጣጣ አለው?» የሚል ካለ እስቲ ታግሶ ያንብብ።

ልጅቷ የ26 ዓመት ወጣት ናት። አዲስ አበባ ተወልዳ ያደገች፣ በአንድ ድርጅት በሒሳብ ሠራተኝነት ሦስት ዓመት የሠራች። ሥራዋን ለቅቃ ቤተክርስቲያኗ ባዘጋጀው የወንጌል ተልዕኮ ከአራት ሰዎች ጋር ወደ ደቡብ ሱዳን፣ ጁባ ሄደች። አሥራ አንድ ወር ቆየች። ጠዋት ጠዋት ሕፃናት ታስተምራለች፤ ከሰዓት በኋላ እናቶችን ቤት ለቤት ትጠይቃለች። ደብዳቤዋ አራት ገጽ ነው። የሚገርመው ግን ስለ ጁባ የጻፈችው አንዱን ገጽ ብቻ ነው። ሦስቱ ገጽ ከቦሌ ኤርፖርት ወዲህ ስለሆነው ነገር ነው።

አቀባበሉ አንደኛ ነበር። አበባ፣ መዝሙር፣ ሁለት ሚኒባስ ሙሉ ሰው። ቤት ስትደርስ ዶሮው ተሠርቷል፣ ቡናው ቀርቧል። እናት «ምነው እንዲህ ከሳሽ? ምነው ጠቆርሽ?» እያሉ ያገላብጧታል። ስለ ሥራዋ ግን ምንም አልጠየቋትም። እናትየዋ ኦርቶዶክስ ናቸው፤ ልጅቷ ደግሞ ፕሮቴስታንት ከሆነች ስድስት ዓመት አልፏታል። በዚህ ጉዳይ እናትና ልጅ «አናንሳው» የሚል ያልተጻፈ ውል አላቸው።

በሦስተኛው ቀን ገና ጎህ ሲቀድ በር ተንኳኳ። አክስቶችና ጎረቤቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ገቡ። ከዚህ በኋላ ያለውን አበሻ የሆነ ሁሉ ያውቀዋል። ያሳደጓት አያቷ ካረፉ አራት ወር ሆኗቸው ነበር! ቤተሰቡ ያውቃል፣ ሰፈሩ ያውቃል፣ ኧረ ጁባ አብሯት የነበረው የቡድኑ መሪ ሳይቀር ያውቃል። እሷ ብቻ በደወለች ቁጥር «እማማ እንዴት ናት?» ትላለች። «ደህና ናት፣ አሁን ጋደም ብላለች» ይሏታል።

«በተመለስኩ በዘጠነኛው ቀን እሁድ ነበር» ትላለች። «ምስክርነት እንድሰጥ አሥር ደቂቃ ተሰጠኝ። ፎቶዎቹ በስክሪን ታዩ። ሕፃናቱ ሲዘምሩ፣ እኔ ስስቅ… ሰው እልል አለ። ስለ እማማ አንድ ቃል አልተነፈስኩም። ወባ ጥሎኝ ስለነበረበት ሳምንት፣ ከቡድናችን ልጆች ጋር ሁለት ወር ስለመኮራረፋችንም አላነሳሁም። ከመድረክ ስወርድ የሌላ ሰው ታሪክ ያወራሁ መሰለኝ። ከዚያ ወዲህ ቤተክርስቲያን አልሄድኩም።»

ይኸው ከተመለሰች አምስት ሳምንት ሆናት። ጓደኞቿ ሲያገኟት «ጁባ እንዴት ነበር?» ይላሉ። መልሱን ስትጀምር ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ወሬው ወደ ቤት ኪራይና ወደ እከሊት ሠርግ ይዞራል። የመዘምራን ቦታዋ ተይዟል። የሥራ ቦታዋም እንዲሁ። ማታ ደግሞ የጁባ ልጆች በሕልሟ እየመጡ «መቼ ነው የምትመጪው?» ይሏታል። ጥያቄዋ ሁለት ነው። «ወደ ጁባ ልመለስ ወይ? ወይስ እምነቴ ቀዝቅዞ ነው እንዲህ የሆንኩት?»

እህቴ፣ ከሁለተኛው ልጀምርልሽ። እኔ እምነት የምለካበት ቴርሞሜትር የለኝም። ያለሽበት ሁኔታ ግን ካንቺ በፊት ብዙ ሰው ያለፈበትና ስምም ያለው ነው። ካሌርቮ ኦበርግ የሚባል ካናዳ የተወለደ አንትሮፖሎጂስት እ.ኤ.አ. በ1954 ሪዮ ዴ ጃኔሮ ከተማ ውስጥ ስለ «ባህል ድንጋጤ» ንግግር አድርጎ ነበር። ሰው የለመደው ሰላምታ፣ ምግብ፣ የሰዓት አጠባበቅ ሁሉ በአንዴ ሲቀየርበት ግራ ይጋባል፣ ይናደዳል፣ ቀስ እያለ ይለምዳል ነው ነገሩ። ንግግሩ በ1960 የታተመው ደግሞ ሚሲዮናውያን በሚያነቡት መጽሔት ላይ ነበር። እስከዚህ ድረስ ብዙ ሰው ያውቀዋል። ብዙ ሰው የማያውቀው በ1963 ባልና ሚስት የሆኑት ጋላሆርኖች የጻፉትን ነው። እነሱ ውጭ አገር ቆይተው የተመለሱ አሜሪካውያን ምሁራንንና ተማሪዎችን አጠኑ። ከእነሱ በፊት የነበሩት አጥኚዎች የመንገደኛውን ስሜት በመስመር ሲስሉት የኛን «ሀ» ይመስል ነበር፤ ከላይ ይጀምራል፣ ይወርዳል፣ ይወጣል። ጋላሆርኖች ግን አይ፣ መስመሩ አላለቀም አሉ። ሰውየው ቤቱ ሲገባ እንደገና ይወርዳል፣ እንደገና ይወጣል። ሥዕሉ «ንጉሡ ሠ»ን ሆነ ማለት ነው! አንቺ አሁን ያለሽው የ«ሠ» ሁለተኛዋ ጉድጓድ ውስጥ ነው።

ይቺኛዋ ጉድጓድ ከመጀመሪያዋ የምትከፋው ማንም ስለማይጠብቃት ነው። ስትሄጂ «ይከብድሻል፣ በርቺ» ያላለሽ የለም። ስትመለሺ ግን «እንኳን ደህና መጣሽ፣ አረፍሽ!» ነው የተባልሽው።

በዚያ ላይ ጁባ! ጁባ ቅርብ ናት። ከቦሌ ተነስቶ ሁለት ሰዓት በማይሞላ በረራ ይደረሳል። እዚያ ሆቴልና ሱቅ የከፈተ አበሻ ሞልቷል። ስለዚህ ሰዉ «ጎረቤት አገር ደርሳ መጣች» ይላል እንጂ ውጭ አገር ኖራ መጣች አይልም። ከስዊድን ብትመለሺ ኖሮ «ትንሽ ጊዜ ስጧት፣ ገና አልለመደችም» ይሉሽ ነበር። የጁባ ሰው ግን ይህ አይፈቀድለትም። ቅርብ ስለሆነ ግራ መጋባትሽ እንደ ሞልቃቃነት ይቆጠራል።

እስቲ ልዩነቱን እንየው። አዲስ አበባ ብርድ ናት፤ ጁባ የካቲትና መጋቢት ላይ ሙቀቱ ወደ 40 ዲግሪ ይጠጋል። ውኃው ከነጭ ዓባይ ተቀድቶ በቦቴ ይሸጣል። መንገዱ የቦዳ ቦዳ ሞተር ነው። ኮንዮ ኮንዮ ገበያ ገብተሽ የምትከራከሪው በጁባ ዓረብኛ ነው። ኪስራው እንኳ ከሩቅ እንጀራ ይመስልና ስትቀምሺው ሌላ ነው። ደቡብ ሱዳን እ.ኤ.አ. በ2021 ሰዓቷን ወደ ኋላ ስለመለሰች አንድ ሰዓት እንለያያለን፤ እኛ ደግሞ ቀኑን ከንጋት ስለምንጀምር ከእናትሽ ጋር የስልክ ቀጠሮ ስትይዢ ሁለት ጊዜ መደመርና መቀነስ ነበረብሽ። ሰዉም በ2013 የጀመረውን ጦርነት ያየ ሰው ነው። በየቤቱ ስትገቢ የሰማሽውን አንቺ ታውቂዋለሽ፤ በደብዳቤሽ አልጻፍሽውም፣ እኔም አልጠይቅሽም። እንዲህ ያለውን ነገር ተሸክሞ መጥቶ «እንዴት ነበር?» ሲባል «አሪፍ ነበር» ብሎ ማለፍ፣ ምን ይባላል?

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልምጣ። ወደ አያትሽ።

መርዶን በስልክ አለማርዳት ደግ ባህል ነው። ሰው ብቻውን ሆኖ፣ የሚይዘው ሳይኖር እንዳይሰማ ተብሎ የተሠራ ነው። ቤተሰብሽ ክፉ አስበው አይደለም። ግን እኔ የማልቀበለው አንድ ነገር አለ። የቡድኑ መሪ እያወቀ፣ አራት እህትና ወንድም አጠገብሽ እያሉ፣ «አገልግሎቷ እንዳይሰናከል» ብሎ ለአራት ወር መደበቅ ደግነት አይደለም! እዚያው አቅፈውሽ ሊያለቅሱ የሚችሉ ሰዎች ነበሩሽ። ይህንን ለመሪው ራሱ ብትነግሪው ጥሩ ነው። በስብሰባ ላይ ሳይሆን ለብቻው፣ ሳትሳደቢ፣ ሳታለሳልሺም።

የዘጠነኛው ቀን ምስክርነትሽም የተበላሸው እምነት ስላጣሽ አይመስለኝም። ለቅሶሽን ሳትጨርሺ መድረክ ስለወጣሽ ነው። ስድስት ቀን ነው የነበረሽ! መጽሐፉን ካነሳን ደግሞ፣ በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 6 ላይ ደቀ መዛሙርቱ ከተላኩበት ተመልሰው የሠሩትን ሲያወሩለት ጌታቸው መድረክ አላዘጋጀላቸውም። ሰው ስለበዛባቸው፣ እህል እንኳ የሚቀምሱበት ጊዜ ስላጡ፣ ለብቻቸው ወጣ ብለው እንዲያርፉ ነው የነገራቸው። ጳውሎስና በርናባስም አንጾኪያ ሲመለሱ ቤተክርስቲያኑን ሰብስበው ነገሩ፤ ከዚያ ደግሞ እዚያው ብዙ ጊዜ ተቀመጡ ይላል የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 14። የመጀመሪያውን ሁሉም ይጠቅሰዋል፤ መቀመጣቸውን ግን የሚጠቅስ ሰባኪ ለማግኘት ይቸግራል።

ለሽማግሌዎቹም አንድ ነገር ልበል፣ አይቆጡኝ። ሽኝት ሲሆን ኮሚቴ ይቋቋማል፤ ኬክ ይቆረሳል፣ ቲሸርት ይታተማል። መልስ ላይ ግን ኮሚቴ የለም። የሚመለስ ሰው ቢያንስ አንድ ወር ማይክ ባይሰጠው ምን ይጎድላል? ይልቅ ሁለት ትልልቅ ሰዎች ይመደቡለት። ቤታቸው ጠርተው እራት ያብሉት፤ «ምን ከበደህ? ከማን ጋር ተጣላህ? ምን አየህ?» ብለው ይጠይቁት። እልልታ የሌለበትንም ወሬ ይስሙ።

እህቴ፣ ወደ አንቺ ልመለስ። «እናቴ ስለ ጁባ አንድ ቀን ጠይቃኝ አታውቅም» ብለሻል፤ ይህችን ዓረፍተ ነገር ሁለት ጊዜ ነው የጻፍሻት። እኔ ደግሞ ደብዳቤሽን ስጨርስ አንድ ነገር ፈልጌ አጣሁ። እናትሽ እናታቸውን ቀበሩ። አንቺ በሌለሽበት። በየሳምንቱ ስልክ እያነሱ፣ ድምፃቸውን አስተካክለው፣ «ደህና ናት» ማለት ነበረባቸው። ያ እንዴት ነበር? ስትደውዪ እንባቸውን በምን ነበር የሚውጡት? አያትሽ የመጨረሻ ቀን ላይ ስምሽን ጠርተው ነበር ወይ? በአራቱ ገጽ ውስጥ ይህንን ጠየቅኋቸው የሚል አላገኘሁም። አልወቅስሽም፤ ራስሽ በድንጋጤ ላይ ነሽ። ግን የዚያ ቤት ሰዎችም አሥራ አንድ ወር ሙሉ አንቺ ያላየሽው ኑሮ ኖረዋል። እነሱንም «እንዴት ነበር?» ያላቸው የለም።

ስለዚህ አንድ ቀን ሰው በሌለበት ቡናውን አንቺ አፍዪ። ስለ ጁባ ምንም አታንሺ። «እማማን ከታመመችበት ቀን ጀምረሽ ንገሪኝ» በያቸው። አታቋርጫቸው። ሦስተኛውም ይጠጣ፣ ይምሽ። ይህን ካደረግሽ እናትሽ ስለ ጁባ ይጠይቁሽ ይሆናል፣ ላይጠይቁሽም ይችላሉ። ቢጠይቁሽ ስለ እናቶቹ ንገሪያቸው፤ ባሏ ስለሞተባት፣ በረንዳ ላይ ሻይ ስለምትሸጠው። እናት የእናትን ነገር ለመስማት የእምነት ስም አትጠይቅም።

የመንፈቁ ነገር አስጨንቆሻል። ሦስት ሳምንት ቀርቶታል፤ ቄስ አለ፣ ተዝካር አለ፣ «ብገኝ እምነቴን የካድኩ ይመስላል፣ ብቀር እናቴን የካድኩ ይመስላል» ብለሻል። ይህ የኅሊናሽ ጉዳይ ነው፣ እኔ ጋዜጣ ላይ የምፈርደው አይደለም። ግን ተዝካሩ ውስጥ ጸሎቱ ብቻ አይደለም ያለው። ሽንኩርት መክተፍ አለ፣ እንጀራ መጋገር አለ፣ ወንበር መደርደር አለ፣ ከሩቅ የመጡ ዘመዶችን እግር ማጠብና አልጋ መልቀቅ አለ። የትኛው ላይ እንደምትገኚና የትኛው ላይ እንደማትገኚ ለእናትሽ ቀድመሽ ንገሪያቸው እንጂ የዕለቱ ዕለት አትጥፊባቸው። ከዚያ በፊት ደግሞ አንድ ጠዋት መቃብራቸው ጋ ሂጂ። ብቻሽን አትሂጂ፤ ያቺ ከመድረኩ ስትወርጂ «ምን ሆነሻል?» ያለችሽን አንዷን ጓደኛሽን ውሰጃት። ከዚያ ሁሉ ሰው መሐል ያስተዋለችሽ እሷ ብቻ አይደለች? ሙሉውን ታሪክ የምትነግሪያትም እሷ ትሁን። መቶ ሰው ሁለት ሁለት ደቂቃ ከሚሰማሽ አንድ ሰው ሦስት ሰዓት ቢሰማሽ ይሻላል።

የጁባ ልጆች ነገር ደግሞ አለ። «ጥያቸው መጣሁ» ብለሻል። በዚህ ላይ አንድ እውነተኛ ታሪክ ልንገርሽ። እ.ኤ.አ. በ1937 የጣሊያን ጦር ሲገባ ወላይታ ሶዶ የነበሩት የሱዳን ኢንቴርየር ሚሽን ሰዎች አካባቢውን ለቀው እንዲወጡ ተደረገ። ትተው የሄዱት የተጠመቀ አማኝ ከሃምሳ አይበልጥም ነበር። እነሱም «በቃ፣ አበቃ» ብለው ሳይሆን አይቀርም የወጡት። ጣሊያን ከተባረረ በኋላ ሲመለሱ ግን አማኙ በሺዎች ሆኖ ጠበቃቸው! በመሐሉ የነበረውን እስራትና ግርፋት የቻሉት፣ ሥራውንም የሠሩት ወላይታዎቹ ራሳቸው ናቸው። ልጆቹን አሁንም የሚያስተምሯቸው የዚያው አገር ሰዎች አሉ፤ ስማቸውን ራስሽ ጽፈሻል። ከእነሱ አንዷን መርጠሽ በወር አንዴ ደውዪላት። ለልጆቹ ግን «እመጣለሁ» የሚል መልእክት አትላኪ። ልጅ ቀን ይቆጥራል።

«ልመለስ ወይ?» ላልሽው፣ ከመንፈቁ በፊት ትኬት አትቁረጪ! ከዚያም በኋላ ቢሆን መጀመሪያ ሥራ ፈልጊ። በማመልከቻሽ ላይ አሥራ አንዱን ወር አትደብቂው። «በጎ ፈቃድ፣ የሕፃናት ትምህርት፣ የቡድን ሒሳብ አያያዝ» ብለሽ ጻፊው፤ ሒሳቡን አንቺ ነበርሽ የምትይዢው አይደል? ለላኩሽ ሰዎችም ገንዘቡ ምን ላይ እንደዋለ በአንድ ገጽ ጽፈሽ ስጪ፤ ያልተሳካውንም ጨምረሽ። ደመወዝ እየበላሽ፣ እንቅልፍ እየተኛሽ፣ ከእናትሽ ጋር እየተነጋገርሽ ስድስት ወር ቆይተሽ አሁንም ጁባ ከጠራችሽ ያን ጊዜ ከቤተክርስቲያንሽ ጋር ተማከሩ። በ2018 የሰላም ስምምነት ቢፈረምም የአገሩ ጸጥታ ተረጋግቶ አያውቅም፤ ይህንንም አስቡበት። አሁን የምትሄጂ ከሆነ ግን ከለቅሶው ለማምለጥ ነው የሚመስለኝ።

በመሐል አንድ የጤና ነገር፤ ይህ ለሁላችሁም ነው። ከጁባም ሆነ ከሌላ ወባማ አገር የተመለሰ ሰው ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ ራስ ምታት ከያዘው ክሊኒክ ሲገባ በመጀመሪያ የሚናገረው የት እንደነበረ ይሁን። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች እዚህ ወባ አይተላለፍም። ስለዚህ ሐኪሙ ካልነገራችሁት «ታይፎይድ ነው፣ ታይፈስ ነው» ብሎ ሊሸኛችሁ ይችላል። አደገኛው የወባ ዓይነት ብዙ ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይነሳል፤ ቫይቫክስ የሚባለው ግን ጉበት ውስጥ ተደብቆ ከወራት በኋላም ብቅ ይላል። የመከላከያ ኪኒን ዶክሲሳይክሊን ስትወስዱ የነበራችሁ ደግሞ ቤት ስትገቡ አይቆምም፤ ከተመለሳችሁም በኋላ አራት ሳምንት ይቀጥላል። እንቅልፍ ማጣቱ፣ ምግብ መዝጋቱና ከሰው መሸሹ ሳምንት ከሳምንት እየባሰ ከሄደም የአእምሮ ሐኪም ማየት የእብድ ነገር አይደለም፤ ጾምና ጸሎትም ሐኪም አይከለክልም።

ቦታ ስለቀረኝ አንድ ሌላ ደብዳቤ ልጨምር። ይህኛው ከታላቅ ወንድም የመጣ ነው። ታናሹ ኬንያ ውስጥ ቱርካና ሁለት ወር አገልግሎ ከመጣ ወዲህ ቤቱን አምሷል። መብራት ሲበራ ይቆጣል፣ ሻወር የገባ ሰው ላይ በር ይደበድባል፣ የእህታቸው ሠርግ ላይ የታረደውን በሬ ዋጋ ቆሞ አስልቷል! «ቅዱስ ሆኖብናል፣ ምን እናድርገው?» ይላል ወንድምየው።

አይ ወንድሜ! ጀሪካን ተሸክመው ብዙ ኪሎ ሜትር የሚሄዱ ሴቶችን ያየ ልጅ፣ ቧንቧ ተከፍቶ ሲፈስ ቢያመው አይገርምም። ከተናገረው ግማሹ ልክ ነው፤ ራስህም ታውቀዋለህ። ግን በእህቱ ሠርግ ላይ ሒሳብ መሥራት ነውር ነው፣ ይኸው። ልጁን ለብቻው ውሰደውና ያየውን እስኪበቃው አስወራው። ከዚያ «በራስህ ብር ምን ታደርጋለህ?» ብለህ ጠይቀው። የታክሲውን ቆጥቦ በእግሩ ከሄደ እሰየው። የሌላውን ሰው ሻወር ግን ይተው።

እናንተስ? ከእንዲህ ያለ ጉዞ ተመልሳችሁ መጀመሪያ ማን ሰማችሁ? ጻፉልን፤ እንደተለመደው ስም አናወጣም። በተለይ እናቶች ብትጽፉ ደስ ይለናል። የሚሄዱት ልጆች ደብዳቤ ይጽፋሉ፤ ቤት የሚቀሩት እናቶች ግን እስካሁን አልጻፉልንም።